ከቺፑ በፊት የነበረው ብላክዌል

ልጄ የኮምፒውተር ነገር ነፍሱ ነው። በማርች 2024 ኤንቪዲያ አዲሱን ቺፕ ሲያስተዋውቅ ከሶፋው ዘሎ ተነሥቶ «አባዬ፣ ብላክዌል ወጣ!» አለኝ። «ብላክዌል ከወጣ ቆየ፤ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር» አልኩት። የቀለድኩ መሰለው። 208 ቢሊዮን ትራንዚስተር የታጨቀበት ዕቃ የተሰየመው በሰው፣ በሒሳብና ስታቲስቲክስ ሊቁ በዴቪድ ብላክዌል ስም መሆኑን አላወቀም ነበር። ሰውየው እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ ልንገዛ በምናልፍበት በዋሽንግተኑ የጆርጂያ ጎዳና ዐሥር ዓመት መሥራቱን ደግሞ ጭራሽ አልጠረጠረም።

እኔ ስታቲስቲክስ አስተማሪ ነኝ፤ ስሙን የማውቀው ከቺፑ በፊት ነው። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋካልቲ ሳለሁ «ራኦ–ብላክዌል» የሚባል ቲዎረም ሰሌዳ ላይ ተጻፈልን፣ ማረጋገጫው በጥቂት መስመር አለቀ፣ እኛም ለፈተና ሸምድደን አለፍን። ራኦ ማን ነው፣ ብላክዌል ማን ነው ብሎ የነገረን አልነበረም፤ የጠየቀም የለም። ዋሽንግተን ከመጣሁ በኋላ የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ሌሊት እየሠራሁ የማነብበት ዘመን ነበር። ሰውየውን ከቲዎረሙ ለይቼ ያወቅሁት ያኔ ነው።

አሜሪካኖች ስለ እሱ ሲጽፉ አንድ ልማድ አላቸው። «የመጀመሪያው ጥቁር» ብለው ይጀምሩና ይደረድሩታል፦ በብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያው ጥቁር አባል፣ በበርክሌይ ቋሚ ሹመት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሰር፣ ወዘተ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ሰውየውን የበር መክፈቻ ያደርገዋል። እኔን የሚገርመኝ በሩ ከመከፈቱ በፊት የነበረው ጊዜ ነው፤ የሕይወት ታሪኮቹ «ከ1944 እስከ 1954 በሃዋርድ አስተማረ» ብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚሻገሩት። ዛሬ ስሙን የምንጠራበት ሥራ አብዛኛው መሠረቱ የተጣለው እዚያ ውስጥ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ደግሞ በእኛ ወግ «አንቱ» ልላቸው ይገባ ነበር፤ ግን ከልጅነቱ ስለምጀምር «እሱ» ልበል፣ ይቅር በሉኝ።)

ዴቪድ ብላክዌል በኤፕሪል 1919 ሴንትሬሊያ በምትባል የደቡብ ኢሊኖይ ከተማ ተወለደ። አባቱ የኢሊኖይ ሴንትራል ባቡር ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። ከተማዋ ለነጭ ብቻ፣ ለጥቁር ብቻ የተባሉ ትምህርት ቤቶች ነበሯት፤ እሱ የገባው ግን ሁለቱም አብረው የሚማሩበት ውስጥ ነው። ሂሳብ ላይ ልቡ የተሰረቀው በጂኦሜትሪ ነው። በስተርጅናው ሲጠይቁት እንኳ የሚያስታውሰው አጋዥ መስመርን ነበር። ምኑም የማይጨበጥ የሚመስል ጥያቄ ይሰጥሃል፤ አንድ ሰው መጥቶ ሥዕሉ ላይ አንዲት መስመር ይጨምራል፤ ነገሩ ሁሉ ፍንትው ይላል። ካልኩለስን ይችለው ነበር፣ ጠቃሚ መሆኑም ገብቶታል፣ ግን እንደ ጂኦሜትሪ አላስደሰተውም። ይህቺን መስመር ያዙልኝ፤ ኋላ ሥራውን ስነግራችሁ ትፈለጋለች።

በ1935፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሐሳቡ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ መሆን ነበር፤ የአባቱ ወዳጅ ሥራ ሊያስይዘው ቃል ገብቷል። ለዚያ የሚያስፈልጉትን የመምህርነት ኮርሶች ግን ሒሳቡ ስለጣመው ለሚቀጥለው ዓመት፣ ለሚቀጥለው ዓመት እያለ ሲያስተላልፋቸው ነገሩ በዚያው ቀረ። አባቱ ለትምህርቱ መበደሩን ሲሰማ ደግሞ ራሱን በራሱ ማስተማር ጀመረ፤ ሳህን አጠበ፣ ምግብ አቀረበ፣ የነፍሳት ጥናት ላብራቶሪ ውስጥ ዕቃ አጸዳ። በ1941 በጆሴፍ ዱብ ሥር ዶክትሬቱን ሲጨርስ 22 ዓመቱ ነበር። ዱብ በፕሮባቢሊቲ (በዕድል ሒሳብ) ዓለም ትልቅ ስም ነው፤ ማርቲንጌል የሚባለውን ትምህርት መሠረት ያስያዘው እሱ ነው።

ከዚያ ለአንድ ዓመት ወደ ፕሪንስተን፣ አንስታይን ወደነበረበት የከፍተኛ ጥናት ተቋም ሄደ። በልማዱ የተቋሙ አባላት የጎረቤቱ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የክብር ባልደረባ ይደረጉ ነበር። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጥቁር ሰው በዚህ መዓርግ መግባቱን ተቃወመ። ብላክዌል ይህን ያወቀው ኋላ ነው፤ በጊዜው ሌላ ነገር ይዞታል። የተቋሙ ስመ ጥር የሒሳብ ሊቅ ጆን ፎን ኖይማን በአንድ ግብዣ ላይ «ና የመመረቂያ ሥራህን አስረዳኝ» አለው። ብላክዌል ነገሩን ለወጉ ያህል የተባለ መሰለውና ተወው። ወራት አለፉና ሰውየው መልሶ «መቼ ነው የምትመጣው? ቀጠሮ አስይዝ» አለው። ሄደ። ብላክዌል ራሱ እንደሚያወራው ፎን ኖይማን ዐሥር ደቂቃ አዳመጠውና ከእሱ ከባለቤቱ የበለጠ ተረዳው። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለፎን ኖይማን ፍጥነት አይደለም፤ እሱማ የታወቀ ነው። የ22 ዓመት ልጅ ሁለት ጊዜ አስታውሶ መጥራቱን ነው የምወደው።

ዓመቱ ሲያልቅ ሥራ ፍለጋ ጀመረ። ለ105 ኮሌጆች ደብዳቤ ጻፈ፤ 105ቱም የጥቁር ኮሌጆች ናቸው። ለነጮቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያልጻፈው ተናዶ አይደለም። እዚያ ማስተማር የሚባል ነገር በዓይኑ አድማስ ውስጥ አልነበረም፤ እንዲህ ነው በኋላ የተናገረው። ሦስት ኮሌጆች ተቀበሉት። በ1942 ሉዊዚያና ውስጥ ሳዘርን ዩኒቨርሲቲ፣ በዓመቱ አትላንታ ክላርክ ኮሌጅ አስተማረ።

እግረ መንገዴን፣ እሱ ባይጽፍላቸውም በዚያው በ1942 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተነጋግሮ ነበር። ፖላንዳዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ የርዚ ኔይማን አናግሮት ወዶታል። ነገሩ ግን ተቋረጠ። ምክንያቱ ለብላክዌል የደረሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ባልደረቦቹን ቤቱ እራት የመጋበዝ ልማድ ነበረው፤ ባለቤቱ ጥቁር ሰው ቤቴ እራት አይቀመጥም አሉ። ቁም ነገሩ የተበላሸው በዚህ ነው። የአንድ ዩኒቨርሲቲ የ12 ዓመት ኪሳራ በአንድ የእራት ጠረጴዛ! ኪሳራው ግን ለሃዋርድ ትርፍ ሆነ።

በዚያ ዘመን ለጥቁር ምሁር ከሃዋርድ በላይ መድረሻ አልነበረም። ሒሳብ ክፍሉ ውስጥ ኤልበርት ኮክስ ነበር፤ በ1925 ከኮርኔል በሒሳብ ዶክትሬት ሲያገኝ በዓለም የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነው ይባላል። ብላክዌል በ1944 ገባ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አን ማዲሰንን አገባ፣ ስምንት ልጆች ወለዱ። በ1947 የክፍሉ ኃላፊ ሆነ። ያን ጊዜ ሃዋርድ የማስተማሩ ሸክም ከባድ ነው፤ ለምርምር ብሎ የሚሰጥህ ሰዓት ብዙ አይደለም። ከተማዋም ጥቁርና ነጭን በመለየት የለየላት ከፋፋይ ነበረች። እንደዚህ ሆኖ በዐሥሩ ዓመት ውስጥ ከ20 በላይ ጥናቶች አሳተመ።

ግን በሃዋርድ መጀመሪያ ላይ ስታቲስቲክስ ጭራሽ አያውቅም ነበር። ትምህርቱ ፕሮባቢሊቲ ነው፤ ሁለቱ ወንድማማች ቢሆኑም አንድ አይደሉም። ወደዚህ ያስገባው አንድ የስብሰባ ምሽት ነው። ከጊቢው አልፎ የሚያናግረው ሰው ሲፈልግ የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር የዋሽንግተን ቅርንጫፍ ስብሰባ ላይ ይገኝ ነበር። በ1945 እርሻ ሚኒስቴር ውስጥ ሜየር ጊርሺክ የሚባል፣ ሩሲያ የተወለደ የሚኒስቴሩ ስታቲስቲሺያን ስለ ሴክዌንሻል አናሊሲስ ንግግር አደረገ። ይህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመጣ፣ የስታቲስቲክስ ሊቁ የአብርሃም ዋልድ ሥራ ነው። የጥይት ክምችት ስትፈትሽ ስንት ፍሬ እንደምትፈትሽ አስቀድመህ ከመወሰን ይልቅ አንድ አንድ እያነሣህ ታያለህ፤ መልሱ ግልጽ ሲሆን ታቆማለህ። የምታቆምበት ጊዜ ራሱ ባየኸው ላይ ይመሠረታል ማለት ነው፣ ሒሳቡን የሚያወሳስበውም ይኸው ነው። ጊርሺክ የዋልድን አንድ እኩልታ ተናገረ። ብላክዌል ስህተት መሰለው። ቤቱ ገብቶ እኩልታውን ያፈርሳል ያለውን ምሳሌ ሠርቶ ላከለት።

ምሳሌው ራሱ ነበር ስህተቱ። ጊርሺክ ግን ደብዳቤውን ቅርጫት ውስጥ አልጣለም፤ ስልክ ደወለና «ና እንነጋገር» አለው። በ1946 ብላክዌል ስለዚያው ስለ ዋልድ እኩልታ የመጀመሪያውን የስታቲስቲክስ ጽሑፉን አሳተመ። ሁለቱ ሰዎች ጊርሺክ በ1955 እስኪሞት ድረስ ወዳጅና የሥራ ባልደረባ ሆነው ቀሩ። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለማያውቀው ሰው ስልክ በመደወሉ! እርሻ ሚኒስቴር በር ላይ ታክሲ አቁሜ ሳስብ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ቲዎረሙ። 1947፣ ሃዋርድ። ሒሳብ የማትወዱ አትሽሹ፤ ቡና ቤት ውስጥ ነው የማስረዳችሁ።

አንዲት ልጅ ብቻዋን ቡና ቤት ትሠራለች። አንድ ደቂቃ ደንበኛ ካልመጣ ከጓሮ ወተት ማምጣት ትችላለች። ጥያቄው፣ «አንድ ደቂቃ ሙሉ ማንም ሳይመጣ የሚያልፍበት ዕድል ስንት ነው?» ዐሥር ደቂቃ ቁጭ ብለን መዘገብን፤ በድምሩ 10 ሰው መጣ። አንድ ሰነፍ ገማች እንዲህ ይላል፦ «እኔ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ብቻ ነው ያየሁት። ማንም ካልመጣ ዕድሉ 1 ነው እላለሁ፣ ሰው ከመጣ 0 ነው እላለሁ።» የማይረባ ግምት ነው። ግን አንድ ምስጉን ጠባይ አለው፦ ብዙ ጊዜ ደጋግመን ብንሠራው አማካዩ ትክክለኛው መልስ ላይ ይወድቃል። ወደ አንዱ ጎን አያዳላም። ችግሩ በአንዱ ቀን 0፣ በሌላው ቀን 1 እያለ መዝለሉ ነው።

ብላክዌል የሚለው እንዲህ ነው። ሰነፉን ገማች አትጣለው። መረጃው ውስጥ ለጥያቄህ የሚጠቅመውን ሁሉ የያዘ አንድ ቁጥር ፈልግ፤ እዚህ ላይ ድምሩ ነው፣ 10። ሰዎቹ በየትኛው ደቂቃ እንደመጡ መርሳት ትችላለህ፣ የሚጨምርልህ የለም። ከዚያ ጠይቅ፦ ድምሩ 10 ከሆነ የሰነፉ ግምት በአማካይ ስንት ይሆን ነበር? እያንዳንዱ ደንበኛ ከዐሥሩ ደቂቃዎች በአንዷ ይወድቃል፤ የመጀመሪያዋን የመሳቱ ዕድል 9/10 ነው። ዐሥሩም እንዲስቷት 0.9 በራሱ ዐሥር ጊዜ ይባዛል፤ ወደ 0.35 ይመጣል። ደንበኞቹ በደቂቃ በአማካይ አንድ ሆነው በዘፈቀደ የሚመጡ ቢሆን እውነተኛው መልስ ወደ 0.37 ነው። ከ0 እና ከ1 እየዘለለ ከነበረ ገማች ይህን የመሰለ ቁጥር ወጣ። ቲዎረሙ የሚያረጋግጠው፣ ይህን ስታደርግ አዲሱ ግምት እንደ ቀድሞው አያዳላም፣ መዝለሉም ከቀድሞው በፍጹም አይብስም፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እጅግ ይቀንሳል። ማንኛውንም ሰነፍ ገማች አምጣ፣ በዚህ አሳልፈው፣ ተሻሽሎ ይወጣል።

ያቺ አጋዥ መስመር ማለት ይህቺ ናት። አዲስ መረጃ አልጨመርንም፣ አዲስ ቆጠራ አልሠራንም። ያለውን ሌላ ቦታ ቆመን አየነው እንጂ። ማረጋገጫው አጭር የሆነውም ለዚህ ነው። አራት ኪሎ ስሸመድደው ያጣሁት ይህንን ነው፤ ለተማሪዎቼ ዛሬ ቀመሩን የምጽፈው ከቡና ቤቷ ልጅ በኋላ ነው።

ራኦስ? ካልካታ የነበረው ህንዳዊው ሲ. አር. ራኦ ያንኑ ሐሳብ በ1945 አሳትሞት ነበር። ብላክዌል ሳያየው በራሱ መንገድ ደረሰበት። አንዱ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ያለ ህንድ ውስጥ፣ ሌላው በገዛ ሀገሩ እንደ ባይተዋር በሚታይበት ዋሽንግተን ውስጥ፤ የትምህርቱ መናኸሪያ ከተባሉት ስፍራዎች ሁለቱም ውጭ ነበሩ። ስማቸው በአንድ ሰረዝ ተጣብቆ ይኖራል። ራኦ ዕድሜ ጠግቦ በ2023 በ102 ዓመቱ ነው ያረፈው።

ክረምት ክረምት ብላክዌል ወደ ካሊፎርኒያ ይሄድ ነበር፤ ከ1948 እስከ 1950 ሳንታ ሞኒካ ባለው የራንድ ኮርፖሬሽን ሠራ። ራንድ የአሜሪካ አየር ኃይል ገንዘብ የሚያፈስበት የሐሳብ ፋብሪካ ነው። እዚያ ከያዟቸው ነገሮች አንዱ ዱዌል ነው። ሁለት ሰዎች አንዳንድ ጥይት ይዘው እየተራመዱ ይቀራረባሉ። በቀረብክ ቁጥር የመምታት ዕድልህ ይጨምራል። ግን ብትዘገይ ይቀድምሃል፣ ቸኩለህ ብትስት ደግሞ ሌላው ጥይት እንደሌለህ ሰምቶ ሰተት ብሎ መጥቶ አጠገብህ ቆሞ ይጨርስሃል። መቼ ትተኩስ? ሁለቱ እኩል አነጣጣሪ ከሆኑ መልሱ ደስ ይላል፦ የመምታት ዕድልህ ግማሽ ሲደርስ። ተኩሱ ድምፅ የሌለው ሆኖ ሌላው መተኮስህን ካላወቀስ? ያኔ አንድ የተወሰነ ነጥብ የለም፤ ጊዜህን በዘፈቀደ መምረጥ አለብህ፣ ነገር ግን ዕድልህ አንድ ሦስተኛ ሳይሞላ በጭራሽ አትተኩስ። የእኛ ሀገር ሽማግሌ ቢሆን «መጀመሪያ አትሂድ» ብሎ ይገላግልህ ነበር።

ራንድ ውስጥ ግን ሕይወቱን ያዞረው ሌላ ነው። አንድ ኢኮኖሚስት ቢሮው ይመጣና፣ አየር ኃይሉ በጀት ሊያወጣ ነው፣ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ትልቅ ጦርነት የመነሣቱ ፕሮባቢሊቲ ስንት ነው? ይለዋል። ብላክዌል በወቅቱ የተማረውን መለሰለት። ፕሮባቢሊቲ የሚባለው ተደጋግሞ ለሚሆን ነገር ነው፤ ይህ አንድ ጊዜ የሚሆን ወይም የማይሆን ነው፤ ጥያቄው ትርጉም የለውም። ሰውየው አመስግኖት፣ ሌሎችንም ስታቲስቲሺያኖች ጠይቄ ነበር፣ ሁሉም ይህንኑ ነው ያሉኝ ብሎ ሄደ።

ይህ መልስ እንቅልፍ ነሣው። እኔም ይገባኛል። በእኛ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ላይ ተቆጣጣሪ ነበርኩ፤ በቆጠራ ያደገ ሰው ፕሮባቢሊቲ ሲባል የሚታየው ስንት ከስንት የሚል ክፍልፋይ ነው፣ ያልተቆጠረ ነገር የለም። ኢኮኖሚስቱ ግን የመጣው በጀት ሊያወጣ ነው፤ ጦርነት ይነሣል አይነሣም ብሎ መወሰኑ አይቀርም። ስታቲስቲሺያኑ «ትርጉም የለውም» ሲል እሱ መወሰኑን አያቆምም፤ ያለ ስታቲስቲሺያን ይወስናል። ብላክዌል ያን ጊዜ ከጊርሺክና በኋላ የኖቤል ሽልማት ካገኘው ከኬኔት አሮው ጋር በ1949 ባወጡት ጽሑፍ የቤይስን ዘዴ፣ ማለትም አስቀድሞ የያዙትን ግምት በአዲስ መረጃ እያረሙ መሄድን፣ ተጠቅሞበት ነበር፤ ግን እንደ ሒሳብ መሣሪያ ብቻ። ጂሚ ሳቬጅ የሚባል ሌላ ሊቅ ነው በንግግር ያዞረው። መሣሪያ ብቻ አይደለም፣ ፕሮባቢሊቲ አንድ ሰው ስለማያውቀው ነገር ያለው የእምነት መጠን ነው፣ ቁም ነገሩም ይኸው ነው ብሎ። ብላክዌል ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜው መጨረሻ የቤይስ ሰው ሆነ። በ1969 ለጀማሪዎች ያወጣው የመማሪያ መጽሐፍም በዚሁ መንገድ የተጻፈ ነው፤ በዚያ ዘመን ያልተለመደ ድፍረት ነበር።

1954 ለሃዋርድ ትልቅ ዓመት ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን ሲጎበኙ ዩኒቨርሲቲው የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። የዋሽንግተን ሐበሻ ይህን ያውቃል፣ ፎቶውንም ሬስቶራንት ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ያው ዓመት ብላክዌልና ጊርሺክ ስለ ጨዋታ ቲዎሪ (እንደ ዱዌሉ ያለ የተፎካካሪዎች ስሌት) እና ስለ ስታቲስቲክስ ውሳኔ የጻፉት መጽሐፍ የታተመበት፣ ብላክዌልም አምስተርዳም ላይ በዓለም የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ተጋብዞ የተናገረበት፣ ከሃዋርድ የለቀቀበትም ነው። ኔይማን በ12 ዓመቱ መልሶ ጠራው። በርክሌይ ስታቲስቲክስን ከሒሳብ ለይቶ ራሱን የቻለ ክፍል ሲያደርገው ብላክዌል በ1955 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ የክፍሉ ኃላፊ።

የበርክሌዩን ዘመን በፍጥነት ነው የማልፈው፤ ሌሎች በደንብ ጽፈውታል። በ1965 የሳይንስ አካዳሚው መረጠው። ቢያንስ 65 የዶክትሬት ተማሪዎችን አስመረቀ፤ ይህ ቁጥር ቺፕ ከሚያህል ክብር ይበልጥብኛል። ከጨዋታ ቲዎሪ ተነሥቶ ከስታቲስቲክስ ጋር ምንም የማይገናኝ በሚመስል የሒሳብ ዘርፍ የታወቀ ቲዎረም በአዲስ መንገድ አረጋግጧል። አንድ ዘርፍ ላይ አልተቀመጠም። ለምን ሲሉት፣ በ1986 በታተመ ቃለ ምልልስ፣ ምርምር መሥራት አይደለም የምፈልገው፣ ኖሮኝም አያውቅም፣ የምፈልገው መረዳት ነው፣ እሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው አለ። አንዳንዴ ለመረዳት ስትል ማንም ስላልሠራው ራስህ መሥራት ይኖርብሃል፤ ምርምሩ የሚመጣው በዚያ መንገድ ነው። ይህን ነገር የዛሬ የዩኒቨርሲቲ ሹመት ኮሚቴ ፊት ቢናገር እንዴት እንደሚያዩት አስቡት። «በዓመት ስንት ጽሑፍ?» ነው የሚሉት።

ከ1988 ጡረታው በኋላ በሰሜን ካሊፎርኒያ ሜንዶሲኖ አካባቢ በገዛው መሬት ላይ ዛፍ ይተክል ነበር፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ ማርቲኒውን ይጠጣል። በጁላይ 2010 በ91 ዓመቱ ሞተ። ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያውን ፕሬዚዳንት ኦባማ የሸለሙት በ2014 ነው፤ እሱ አልደረሰበትም። በርክሌይ በ2018 የከፈተውን የተማሪዎች ማደሪያ በስሙ ሰየመ። እራት ያልተቀመጠበት ከተማ ውስጥ ተማሪዎች አሁን በስሙ ይተኛሉ።

ባለፈው ሴሚስተር ለማታ ተማሪዎቼ የኢኮኖሚስቱን ጥያቄ ሰጠኋቸው። ክፍሌ ነርሶች፣ የአውቶቡስ ሾፌሮች፣ ቀን ሁለት ሥራ ሠርተው የሚመጡ ናቸው። «በአምስት ዓመት ውስጥ ትልቅ ጦርነት ይነሣል? ቁጥር ጻፉ።» አንዷ ነርስ ወረቀቷን ባዶ መለሰች፤ የብላክዌልን የድሮ መልስ ሳታውቀው ሰጠችኝ። አብዛኛው ከ10 እስከ 30 በመቶ ጻፈ። አንድ የጎንደር ልጅ፣ ሊሞዚን የሚነዳ፣ ሳይጽፍ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ቁጥሬ ስህተት ቢሆን የሚከፍለው ማነው? እኔ ነኝ ወይስ አየር ኃይሉ?»

ያ ልጅ የጠየቀው የብላክዌልና የጊርሺክ መጽሐፍ ሙሉ ጉዳይ ነው። ብትሳሳት ምን ያህል ያስከፍልሃል የሚለው ካልታወቀ የቱ ግምት እንደሚሻል አይታወቅም። ዶቨር መልሶ ያሳተመው ርካሽ ቅጂ አለኝ። በሚቀጥለው ክፍል ይዤለት ሄድኩ፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ሒሳቡ እንደሚጠጥርበት አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው ስልኬንም ሽፋኑ ውስጥ የጻፍኩለት። እስካሁን አልመለሰውም፣ አንዴ ግን ከኤርፖርት መንገደኛ እየጠበቀ ደውሎ ስለ ድምፅ አልባው ዱዌል ጠይቆኛል። አንድ ሦስተኛው ከየት መጣ ነው የሚለው።